ሥጋው የነጋዴው፣ ማኅተሙ የመንግሥት
የኤክስፖርት ቄራዎች ገበያ በአንድ የእንስሳት ሐኪም ቢላና ፊርማ ላይ ተንጠልጥሏል

ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች ተጭኖ ወደ ቦሌ የሚጓዘው የፍየልና የበግ ሥጋ ሁለት ነገር ይዞ ካልደረሰ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። አንደኛው ቅዝቃዜው ነው። ሁለተኛው አንዲት ወረቀት ናት። ቅዝቃዜውን ነጋዴው በመብራትና በናፍጣ ይገዛዋል። ወረቀቷን ግን አይገዛትም፣ እንዳይገዛትም ነው ሕጉ የተጻፈው። የጤና ሰርተፊኬቷ ላይ የሚፈርመው በቄራው ደመወዝተኛ ሳይሆን በመንግሥት የተመደበ የእንስሳት ሐኪም ነው።

በገበያው የሚወራው ግን ስለዚህ አይደለም። ላኪዎች ሲገናኙ ወሬያቸው የፍየል ዋጋ፣ የካርጎ ኪራይና የዶላር ነገር ነው። ምርመራውን ብዙዎቹ የሚያዩት ከባንክ ፈቃድና ከጉምሩክ ዲክላራሲዮን ተርታ እንደ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ ማስፈጸሚያ ነው። ያለፉት ሠላሳ ዓመታት የሚያሳዩት ሌላ ነው። የቀንዱ አገሮች የባሕረ ሰላጤ ገበያ በዋጋ ምክንያት ተንገራግጮ ያውቃል፤ ጨርሶ የተዘጋው ግን በጤና ሰበብ በወጣ ደብዳቤ ነው።

ገበያ በደብዳቤ ሲዘጋ

እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻና በ1998 መጀመሪያ ከባድ ዝናብን ተከትሎ በኬንያና በሶማሊያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በሽታ ተቀሰቀሰ። በሽታው በትንኝ ይተላለፋል፤ እንስሳቱን ያስወርዳል፣ ሰውንም ይገድላል። ሳዑዲ ዓረቢያ ከአካባቢው የሚመጣ የቁም እንስሳ ላይ በር ዘጋች። እገዳው ተነሥቶ ነጋዴው እፎይ ሊል ሲል መስከረም 2000 ላይ በሽታው በሳዑዲዋ ጂዛንና በየመን ታየ፤ ከአፍሪካ ምድር ውጭ ሲገኝ የመጀመሪያው መሆኑ ነበር። በሁለቱ አገሮች ከ200 በላይ ሰው ገደለ። የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን እንስሳ በጅምላ አገዱ።

ኢትዮጵያ በሽታው በአገሬ ታየ ብላ አላሳወቀችም ነበር። አልረዳትም። ችግሩ የነበረው በሽታው አለ ወይም የለም በሚለው ላይ ብቻ አልነበረም። ገዢው አገር «የለም» የሚለውን ቃል የሚያምንበት የምርመራ፣ የላቦራቶሪና የመዝገብ ሥርዓት ነበር የሚጠይቀው። ጎረቤት ሲታመም ራስን ነጥሎ ለማሳየት የሚቀርብ ማስረጃ ያልያዘ አገር ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ይታገዳል። በርበራ ወደብ ላይ የተንጠለጠለው የሶማሌ ክልል የእንስሳት ንግድ ለዓመታት የተጎሳቆለው በዚሁ ነው፤ ሳዑዲ ከሶማሊያ ወደቦች የሚመጣውን እንስሳ መልሳ የተቀበለችው በ2009 ነበር። ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ የሚችል የእንስሳት ነጋዴ የለም። በመካከሉ ፍየሉ ይሸጣል ወይም ያረጃል።

በቁም እንስሳ የደረሰው ይህ ነገር ነው ብዙ ገንዘብ ወደ ቄራ ግንባታ እንዲሄድ ከገፉት ምክንያቶች አንዱ። የታረደና የተመረመረ ሥጋ ከቁም እንስሳ ይልቅ በሽታ ይዞ የመሻገር ዕድሉ ያነሰ ነው፤ ገዢውም በቀላሉ ያምነዋል። ግን የሚያምነው ሥጋውን አይቶ አይደለም። ሥጋ ሁሉ ሲቀዘቅዝና በስስ ጨርቅ ሲጠቀለል አንድ ይመስላል። የሚያምነው ማኅተሙን ነው።

ቢላው የሚፈልገው

ሕጉ አዲስ አይደለም። የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970፣ በንጉሡ ዘመን ነው። ማስፈጸሚያ ደንቡ በ1972 ተከተለው። የሐሳቡ እምብርት ቀላል ነው። ለውጭ ገበያ የሚሄድ ሥጋ ፈቃድ ባለው ቄራ ይታረዳል፣ እንስሳው ከመታረዱ በፊት በቁሙ፣ ከታረደ በኋላ ደግሞ ገላውና የሆድ ዕቃው ይመረመራል፣ ያለፈው ማኅተም ይመታበታል፣ ያላለፈው ይወገዳል። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለዋውጧል፣ የመሥሪያ ቤቶቹ ስም ተቀያይሯል። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሲቋቋም የቁጥጥሩ ሥራ ወደዚያ ሄዷል። የሐኪሙ ሥራ ግን ያው ነው።

ሐኪሙ መጀመሪያ በረቱ ጋ ይቆማል። ከቦረና ወይም ከሶማሌ ወይም ከአፋር ቆላ በመኪና ተጭኖ የመጣ ፍየል ማረፍና ውኃ ማግኘት አለበት። ደክሞ የታረደ እንስሳ ደሙ በደንብ አይፈስም፣ ሥጋውም ቶሎ ይበላሻል። ሐኪሙ አረማመዱን፣ አተነፋፈሱን፣ ዓይኑንና አፍንጫውን ያያል። አባ ሰንጋ የተጠረጠረ እንስሳ ጨርሶ ቢላ እንዳይነካው ነው የሚደረገው፤ ገላው ከተከፈተ የበሽታው ዘር ከአየር ጋር ተገናኝቶ ቄራውን፣ አፈሩንና ሠራተኛውን ይበክላል። እዚህ ላይ የሐኪሙ ሥልጣን «አይታረድም» ማለት ነው። ይህን ቃል መናገር የሚችልበት ጊዜና ነፃነት ሊኖረው ይገባል።

ከእርዱ በኋላ የሚመጣው ቢላ የሚፈልገውን ያውቃል። በፍየል ሳምባ ላይ የፍየል ሳምባ በሽታ የተወውን ምልክት፣ በጉበት ላይ የጉበት ትልና የውኃ ቋጠሮ፣ በንፍፊቶቹ ላይ የሳምባ ነቀርሳ ምልክት። አንድ ጉበት ሲወገድ ላኪው ብዙ አይጎዳም፤ ዱባይና ጅዳ የሚሄደው ዋናው ዕቃ ገላው ነው። ሙሉው ገላ ሲወገድ ግን የፍየሉ ዋጋ፣ ከቆላ ያመጣው መኪና፣ የደላላው ድርሻና የእርዱ ወጪ አብረው ይቀበራሉ። ሐኪሙ ቢላውን ሲያነሣ የቄራው ሥራ አስኪያጅ ትንፋሹን የሚይዘው በዚህ ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። የደጋ በግና ፍየል ሥጋ በመደርደሪያ ላይ ቶሎ እየጠቆረ የባሕረ ሰላጤ ገዢ ሲመልሰው ቆይቷል፤ ላኪው የቆላውን እንስሳ የሚያሳድደው ለዚህ ነው። ይህ የጥራት ጉዳይ እንጂ የጤና ጉድለት አይደለም፤ የእንስሳት ሐኪምም ማኅተም አይከለክልበትም። ነጋዴው ግን የተመለሰበትን ሁሉ «በምርመራ ወደቀብኝ» ብሎ ሲያወራ ደላላው ይቀበለዋል፣ ወሬው የዘርፉን ስም ያጠፋል።

ወደ ዱባይ የሚሄደው ይቀቀላል

ለውጭ የሚላከው ሥጋ ላይ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሲደረግ የአገር ውስጡ ምን ላይ ነው የሚለው ጥያቄ ለኢንቨስተሩም ገንዘብ ነው። አሁን ባለው አሠራር አገሪቱ ሁለት ዓይነት ቄራ አላት። የኤክስፖርቶቹ አሉ፣ የከተማ አስተዳደሮቹ አሉ። የአዲስ አበባው ቄራ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲቋቋም የነበረው ከተማና ዛሬ የሚያበላው ሕዝብ በጭራሽ አይገናኙም። ሰፈሩ በስሙ እስኪጠራ ድረስ የታወቀ ነው፤ የልኳንዳ ነጋዴው ማኅተም ያለበትን ሥጋ ሰቅሎ የሚያሳየውም በእሱ ምክንያት ነው። በብዙ የክፍለ አገር ከተሞች ግን ቄራ የሚባለው አንድ የሲሚንቶ ወለልና ሰንሰለት ነው።

ነገሩን የሚያስገርመው ይህ ነው፤ ዱባይ የሚሄደው ፍየል ተቀቅሎ ወይም ተጠብሶ ይበላል፤ እሳቱ ብዙ ነገር ይገድላል። አዲስ አበባ የሚታረደው በሬ ግን ጥሬውን በአዋዜ ይበላል፣ ለብ ለብ ተደርጎ በክትፎ ይቀርባል። ስለዚህ የሐኪሙ ቢላ ከውጭው ይልቅ ለአገር ውስጡ ገበታ የመጨረሻ አጥር ነው። ኮሶ ከዚሁ ነው የሚመጣው። የኮሶው ትል ልጅ በበሬው ጡንቻ ውስጥ እንደ ትንሽ የውኃ ፍሬ ተቀምጦ ሰው ጥሬውን ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ሐኪሙ የሚፈልገው በመንጋጭላው፣ በምላሱ፣ በልቡና በትከሻው ጡንቻ ላይ ነው። ጥቂት ብቻ ካሉ ዓይንም ቢላም ሊያመልጧቸው ይችላሉ። በጥቂቱ የተገኘበት ሥጋ የግድ አይጣልም፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 10 ቀን ከቆየ ትሉ ይሞታል። ለዚያ ግን ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፣ ማቀዝቀዣ ያለው ደግሞ ጥቂት ነው። የቀረው ሕዝብ ድሮ በኮሶ አበባ፣ አሁን በፋርማሲ ክኒን ራሱን ያክማል።

በበዓል ሰሞን ደግሞ ቅርጫ አለ። አምስትና አሥር ቤተሰብ ገንዘብ አዋጥቶ በግቢ ያረደውን በሬ ማንም ሐኪም አያየውም። ቅርጫን በአዋጅ እከለክላለሁ የሚል ባለሥልጣን ይኖራል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። በልኳንዳ የሚሸጠውን ግን መቆጣጠር ይቻላል፤ ማኅተም የሌለው ሥጋ በከተማው ዳር እየታረደ በለሊት የሚገባው የቄራን ክፍያ ለመሸሽ ስለሆነ ክፍያው ሲንር ሕገ ወጥ እርዱም ይሰፋል። የቁጥጥር ወጪ የሚጫነው በሕጋዊው ላይ ብቻ ከሆነ ሕጋዊው ይቀንሳል።

ይኸው ጉዳይ በኤክስፖርቱም አለ። ቄራዎቹ ከአቅማቸው በታች እንደሚሠሩ ለረዥም ጊዜ የታወቀ ነው። አንዱ ምክንያት በኮንትሮባንድ በቁሙ ድንበር የሚሻገረው እንስሳ ነው። ያ እንስሳ የሐኪም ክፍያ የለበትም፣ የውኃ ማጣሪያ ወጪ የለበትም፣ የማቀዝቀዣ መብራት የለበትም። ስለዚህ ቆላ ላይ ያለው ሰብሳቢ ከቄራው የተሻለ ዋጋ ይሰጣል። ቄራው በበኩሉ የተረፈውን ይገዛል።

ፖሎክዋኔ

ቁጥጥር ሲላላ ምን እንደሚከፈል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ደቡብ አፍሪካ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአገሪቱ ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ የያዛቸው ሰዎች ቁጥር ባልተለመደ ሁኔታ ማሻቀብ ጀመረ። እስከ 2018 አጋማሽ ድረስ 1,060 ታማሚዎች ተመዘገቡ፣ 216 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ገና የተወለዱ ሕፃናት ነበሩ። በዓለም ከተመዘገቡት የዚህ በሽታ ወረርሽኞች ሁሉ ትልቁ ሆነ።

ምንጩን ለማግኘት ወራት ፈጀ። በሽታው እስከ ታኅሣሥ 2017 ድረስ የግድ ሪፖርት ከሚደረጉት ተርታ አልነበረም። ፍንጩ የመጣው ጥር 2018 ላይ ነው፤ ከአንድ የሶዌቶ መዋዕለ ሕፃናት የመጡ ልጆች በባራግዋናት ሆስፒታል በተቅማጥ ታክመው መርማሪዎቹ መዋዕለ ሕፃናቱ ፍሪጅ ውስጥ ፖሎኒ የሚባለውን ርካሽ የተቀነባበረ ሥጋ አገኙ። ከዚያ እየተከተሉ ፖሎክዋኔ ከተማ የሚገኘውን የኢንተርፕራይዝ ፉድስ ፋብሪካ ደረሱ። የጤና ሚኒስትሩ አሮን ሞትሶአሌዲ እሑድ መጋቢት 4 ቀን 2018 ይህን በይፋ ተናገሩ። ሰኞ ሲነጋ የባለቤቱ የታይገር ብራንድስ አክሲዮን በጆሃንስበርግ ገበያ ቁልቁል ወረደ። ሞዛምቢክ፣ ናሚቢያ፣ ቦትስዋናና ዛምቢያ የደቡብ አፍሪካን የተቀነባበረ ሥጋ ከመደርደሪያ አነሡ ወይም ከድንበር መለሱ። ምንም ያላጠፋ የሌላ ፋብሪካ ሥጋም አብሮ ተሰባበረ። ኩባንያው የቡድን ክስ ገጠመው፤ በ2020 ደግሞ የሥጋ ማቀነባበር ንግዱን ሸጦ ወጣ።

በኋላ የታየው ክፍተት ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። እርድ ቤቱን የሚቆጣጠረው ግብርናው ነበር፣ የታሸገ ቆርቆሮ ሥጋን የስታንዳርድ መሥሪያ ቤቱ፣ በመካከል ያለውን ማቀነባበሪያ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት የጤና ሠራተኛ። ሦስት እጅ የያዘው ነገር መካከሉ ላይ ማንም ያልያዘው ቦታ ነበረው። ፋብሪካው አደጋው የት የት ላይ ሊገባ እንደሚችል አስቀድሞ ለይቶ በየዕለቱ እየለካ የሚመዘግብበት «ሃሳፕ» የሚባለው ሥርዓት ለእነዚህ ማቀነባበሪያዎች አስገዳጅ የሆነው ሰው ከሞተ በኋላ፣ በሰኔ 2018 ነው።

መጻፍና ማቆም

ሃሳፕ በአሜሪካ የሥጋ ፋብሪካዎች ሕግ የሆነው በ1996 ነው። ከዚያ በፊት በ1993 በደንብ ያልበሰለ የተፈጨ ሥጋ የበሉ ከ700 በላይ ሰዎች ታመው አራት ሕፃናት ሞተው ነበር። የአሜሪካ ሕግ አንድ ጥብቅ ነገር አለው፤ የመንግሥት ኢንስፔክተር በሌለበት ቀን እርድ የለም። የመደበኛውን ሰዓት ደመወዝ መንግሥት ይከፍላል፣ ኩባንያው ትርፍ ሰዓትና በዓል ላይ መሥራት ከፈለገ ግን ለዚያ ይከፍላል። ኢንስፔክተሩ ግን የኩባንያው አይሆንም።

ይህም ቢሆን አላዳነም። በ2024 በቨርጂኒያ ጃራት ከተማ የሚገኘው የቦርስ ሄድ ፋብሪካ ያወጣው የጉበት ቋሊማ በሊስቴሪያ ተበክሎ በ19 ክፍለ ግዛቶች 61 ሰዎች ታመው 10 ሞቱ። ኩባንያው ወደ 7 ሚሊዮን ፓውንድ ሥጋ ከገበያ ሰበሰበ፣ ፋብሪካውንም ዘጋው። በኋላ መዝገቡ ሲገለጥ ኢንስፔክተሮቹ በአንድ ዓመት ውስጥ 69 ጉድለቶች ጽፈው እንደነበር ታወቀ። ሻጋታ፣ ነፍሳት፣ ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውኃ፣ ያልታጠበ ማሽን። ሁሉም ተጽፏል። ሰው መሞት እስኪጀምር ድረስ ግን ሥራውን ያስቆመ አልነበረም።

ጉድለት ማየትና ማስቆም በዚህ ይለያያሉ፤ ለሞጆና ለቢሾፍቱም ዋናው ነገር እዚህ ነው። አንድ ሐኪም በቀን የሚታረዱትን በመቶዎች የሚቆጠሩ ፍየሎች የሚያይበት ጊዜ ስንት ነው? ሰንሰለቱ እንዲዘገይ ሲጠይቅ ማን ይሰማዋል? ቄራው ከከተማ ርቆ ሲገኝ ወደ ሥራው የሚሄደው በማን መኪና ነው? ምሳውን የት ይበላል? እነዚህ ጥቃቅን ጥያቄዎች ይመስላሉ፤ የገዢው አገር የቁጥጥር ቡድን ፋብሪካ ሊጎበኝ ሲመጣ የሚያጠናቸው ግን እነሱንም ነው። የባሕረ ሰላጤ አገሮች ልዑካን ወለሉን አይተው ብቻ አይመለሱም፤ የሐኪሙን መዝገብ ያገላብጣሉ። በዓመት አንድም ገላ ያልተወገደበት መዝገብ ካገኙ ደስ አይላቸውም፤ ፍየሎቹ ሁሉ ጤነኞች ናቸው ብለው ሳይሆን የሚያይ የለም ብለው ነው የሚጽፉት። ላኪው በመጣል የሚያጣው ገንዘብ የሐኪሙን ፊርማ ዋጋ የሚሰጠው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ በላይ ያለው የአውሮፓ ገበያ ለጊዜው ሌላ ታሪክ ነው። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ከ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አያቶቻችን ክፉ ቀን ብለው ከጠሩት ረሃብ ጋር፣ አገሪቱን አንገላትቶ ነበር። ኢትዮጵያ ከደስታ ነፃ መባሏ በ2008፣ ዓለምም በ2011 ጨርሶ ማጥፋቱን ማወጁ ትልቅ ድል ነው። አፍተግር ግን በአገሩ እስካለ ድረስ ከነአጥንቱ የሚላክ ጥሬ ሥጋ አውሮፓ አይገባም። ከአጥንቱ ተለይቶ፣ ከእርድ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲበስል ተደርጎ አሲዱ የተለካ የበሬ ሥጋ የሚፈቀድበት መንገድ አለ፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ከኮምፕሬሰር በላይ እያንዳንዱን ገላ ለክቶ የሚፈርምና ፊርማው ብራስልስ የሚታመንለት ሐኪም ነው። ኢትዮጵያ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም።

እስከዚያው ላኪው በእጁ ያለውን ውል እያነበበ ቢሆን ይሻለዋል። ብዙው ውል ዋጋውን፣ ኪሎውንና የበረራውን ቀን ያስቀምጣል። ዕቃው መድረሻ ላይ በጤና ምክንያት ቢመለስ ግን የካርጎውን ኪራይ፣ የማስወገጃውን ክፍያና የፍየሉን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ሳይጽፍ ያልፋል። አሥር ቶን ሥጋ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተይዟል እንበል። ወደ አገር መመለስ ለቀዘቀዘ ሥጋ ትርጉም የለውም፤ ቀኑ ያልቃል። የሚቀረው እዚያው ማቃጠል ነው፣ ለእሱም ሒሳብ ይመጣል። አየር መንገዱ ላደረሰው ዕቃ ኪራዩን አይመልስም። ቆላ ያለው ሰብሳቢም ገንዘቡን ገና ፍየሎቹ በረት ሲገቡ ወስዷል።